የኪሞኖ ሚዛን፦ መልካሙን ሥራ ለይቶ ማወቅ

የጃፓን ባህላዊ ልብስ የሆነውን ኪሞኖ ለመመዘን የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ቅርጹ ስለ ጥራቱ ምንም አይናገርም። የሙሽራ እናት በሠርግ ቀን የምትለብሰውም፣ ወጣቶች በሐምሌ ሙቀት ርችት ለማየት ሲወጡ የሚደርቡትም በአቆራረጥ አንድ ናቸው። ሁለቱም ታን ከሚባል ጥቅል ጨርቅ ይወጣሉ፤ ስፋቱ ከ36 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ12 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ከጥቅሉ ስምንት ቁራጮች ይቆረጣሉ፦ ሁለት ለአካል፣ ሁለት ለእጅጌ፣ ሁለት ፊት ለፊት ለሚደራረበው ክፍል፣ አንድ ለአንገትጌ፣ አንድ ደግሞ አንገትጌውን ከላይ ለሚሸፍነው። መቀሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በብብት ዙሪያ የሚጎረድ፣ በትከሻ የሚሸራረፍ ጨርቅ የለም፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ይታጠፋል እንጂ አይጣልም።

ከዚህ አቆራረጥ ትልቅ ነገር ይከተላል። ስፌቱ ሲፈታ ስምንቱ ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ያንኑ ረጅም ጨርቅ መልሰው ይሆናሉ። በዚያ መልኩ ይታጠባሉ፤ በቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች ተወጥረው ይደርቃሉ፤ ከዚያም ለአዲስ ለባሽ ልክ ይሰፋሉ። ቀለሙ የደበዘዘ እንደሆነ ጠቆር ባለ ቀለም ይነከራል፤ ጉልበቱ ላይ የሳሳው ክፍል ወደማይታይበት ቦታ ይዛወራል። አያት የለበሰችው የልጅ ልጇ ልብስ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። የኪሞኖን መልካም ሥራ ከሌላው የምለይበት ሚዛንም ይኸው ነው፦ ክሩ፣ ቀለሙና ስፌቱ ያን መፈታትና ዳግም መወለድ ይችሉታል ወይ? ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸው ምልክቶች ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳሉ።

ማዕረጉን ማወቅ

ልብሱን የምታውቅ ጃፓናዊት ከውበቱ በፊት ማዕረጉን ታያለች። የነጠላን ጥለት አጣጣል አይቶ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለደስታ ወይስ ለለቅሶ እንደሆነ የሚለይ አንባቢ ይህን ለመልመድ አይቸገርም። ሕጉ ከአደራረቡ ይጀምራል፦ የለባሹ ግራ ክፍል በቀኙ ላይ ይደረባል። ቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው አስከሬን ሲገነዝ ብቻ ነው።

ላገባች ሴት የመጨረሻው የክብር ልብስ ኩሮቶሜሶዴ ነው። መደቡ ጥቁር ሐር ነው፤ ሥዕሉ ከወገብ በታች ብቻ ይወርዳል፤ እጅጌው አጭር ነው። አምስት የቤተሰብ አርማዎች በነጭ ይወጡበታል፦ አንዱ በጀርባ መካከል፣ ሁለቱ በእጅጌዎቹ ጀርባ፣ ሁለቱ በደረት። የሙሽሮቹ እናቶች ሠርግ ላይ የሚለብሱት ይህን ነው። መደቡ ጥቁር ሳይሆን ሌላ ቀለም ሲሆን ኢሮቶሜሶዴ ይባላል፤ ያላገባችም ትለብሰዋለች። ምንም ሥዕል የሌለበት፣ አምስት አርማ ያለው ድፍን ጥቁር ደግሞ የሐዘን ልብስ ነው።

ላላገቡ ወጣት ሴቶች ትልቁ ልብስ ፉሪሶዴ ነው። እጅጌው አንድ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ ሥዕሉ መላ ልብሱን ይሞላል። በጥር ወር ሁለተኛ ሰኞ በሚከበረው የአዋቂነት ቀን የጃፓን ከተሞች በፉሪሶዴ ይደምቃሉ። ሙሽራ ደግሞ ከራስ እስከ እግር ነጭ የሆነውን ሺሮሙኩ ወይም ጫፉ በጥጥ የተሞላውንና ያለ መታጠቂያ ከላይ የሚደረበውን ኡቺካኬ ትለብሳለች።

ከእነዚህ ዝቅ ብሎ ሆሞንጊ ይመጣል፤ ለግብዣ፣ ለሻይ ሥርዓት፣ ሠርግ ለተጠራ እንግዳ የሚሆን ነው። መለያው ሥዕሉ ስፌትን ተሻግሮ መሄዱ ነው፦ በግራ ደረት የጀመረ ቅርንጫፍ ትከሻን አልፎ እጅጌ ላይ ያብባል። ጹኬሳጌ ይመስለዋል፤ ሥዕሎቹ ግን በየቁራጩ ለብቻቸው ይቆማሉ እንጂ ስፌቱን አይሻገሩም፤ ስለዚህ ማዕረጉ አንድ ደረጃ ያንሳል። ኢሮሙጂ ሥዕል የሌለው ባለ አንድ ቀለም ነው፤ አርማ ሲጨመርበት ይከብራል፣ ያለ አርማ ለዘወትር ይሆናል። ኮሞን አንድ ዓይነት ሥዕል መላ ጨርቁ ላይ እየተደጋገመ የሚሄድበት የከተማ ልብስ ነው። ጹሙጊ ጠንካራና ሞቃት የሐር ሽመና ሲሆን መነሻው የገጠር ልብስ ነው። ከሁሉ የቀለለው ዩካታ ነው፤ ገበር የሌለው የጥጥ ልብስ ሲሆን ለገላ መታጠቢያና ለሞቃት ምሽት ይለበሳል።

የወንዶቹ ዓለም በቀለም ጠበብ ያለ ነው። የክብር ልብሳቸው አምስት አርማ ያለው ጥቁር ሐር፣ ከላዩ ሃኦሪ የሚባል አጭር ካፖርት፣ ከታች ደግሞ ሃካማ የሚባል ሽንሽን ያለው ሰፊ ሱሪ ነው። ለሃካማው በሰንዳይ ከተማ የሚሸመነው ባለ መስመር ሐር ይመረጣል፤ ለባሹ ተቀምጦ ሲነሳ ሽንሽኑ መልሶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የወንድና የሴት ኪሞኖ ተሰቅለው ሲታዩ የሚለዩበት ቀላል ምልክት አለ። የሴቷ እጅጌ ከብብቱ በታች ክፍት ነው፤ የልብሱም ርዝመት ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ካለው ይበልጣል፣ ትርፉን ወገቧ ላይ አጥፋ ታስረዋለች። የወንዱ እጅጌ ከአካሉ ጋር ተሰፍቶ የተዘጋ ነው፤ ርዝመቱም በልኩ ይቆረጣል።

ማዕረግን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ለቦታው ያልተሠራ ልብስ፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ በባለሙያ ዓይን ጎደሎ ነው።

ከመሸመኑ በፊት ወይስ በኋላ?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀለሙ መቼ ገባ የሚለው ነው። ነጭ ሆኖ ተሸምኖ ከዚያ በኋላ ቀለም የተቀባ ወይም የተነከረ ኪሞኖ ይከብራል። ክሩ አስቀድሞ ተነክሮ ሥዕሉ በሽመና የወጣ ኪሞኖ ግን ለዘወትር ነው። በኦቢ፣ ማለትም በመታጠቂያው፣ ሥርዓቱ ይገለበጣል፦ በሽመና የወጣው ይከብራል፣ ቀለም የተቀባው ይቀላል። የቆየው ምክር የተቀባ ኪሞኖን ከተሸመነ ኦቢ ጋር አጣምሩ የሚለው ስለዚህ ነው።

አዲስ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ብዙ ወራት የፈጀ፣ ዋጋው ከብዙ ኩሮቶሜሶዴ የሚበልጥ፣ ከታች የማነሳው የኦሺማ ጹሙጊ ለሠርግ አይለበስም። ዋጋ ድካምን ይለካል፤ ማዕረግን የሚወስነው ልማድ ነው። ባለቤቱም ይህን ያውቃል፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው የሚታይ ክብር ፈልጎ ሳይሆን ጨርቁ ቆዳው ላይ የሚሰጠውን ስሜት ወዶ ነው።

የተቀባውን ስንመዝን

ከተቀቡት ሁሉ ስሙ የገነነው ዩዜን ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ኪዮቶ ውስጥ በማራገቢያ ሥዕሉ በታወቀው በሚያዛኪ ዩዜን ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1683 የወጣ የመንግሥት ትእዛዝ በወርቅ ክር የተጠለፈና በቋጠሮ የተሞላ ልብስ ሲከለክል፣ ቀለም ቀቢዎች ያለ ወርቅና ያለ ቋጠሮ የሚያምር ሥራ መፈለጋቸው ለዩዜን በር ከፍቷል።

አሠራሩን ማወቅ ለመመዘን ይረዳል። ነጩ ሐር አስቀድሞ በኪሞኖ ቅርጽ ላላ ተደርጎ ይሰፋል። ሠዓሊው በውኃ በሚለቅ የአበባ ጭማቂ ሰማያዊ ንድፉን ይስልበታል፤ ከዚያ ልብሱ ተፈትቶ እንደገና ረጅም ጨርቅ ይሆናል። ከሩዝ የተሠራ ሙጫ ከሾጣጣ ማፍሰሻ እንደ ክር እየቀጠነ በንድፉ መስመሮች ላይ ይፈስሳል፤ ቀለሙ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው እንዳይፈስ አጥር ይሆናል። ቀለሙ በብሩሽ ይገባል፤ በእንፋሎት ይጸናል፤ ሙጫው በውኃ ይታጠባል። ሙጫው የነበረበት ቦታ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ያንን ነጭ መስመር ቀርባችሁ ተመልከቱ። በእጅ የፈሰሰ መስመር ሕይወት አለው፦ በአበባው ጫፍ ይቀጥናል፣ በግንዱ ይወፍራል፣ ሲታጠፍ እጁ ያመነታበት ቦታ የለም። የታተመ መስመር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ይኖረዋል፤ አንዱን አበባ ከሌላው ብታስተያዩ ቅጂ ሆነው ይገኛሉ። ቀጥሎ ጨርቁን ገልብጡ። በማሽን የታተመው ብዙውን ጊዜ ጀርባው ነጣ ያለ ነው፤ በብሩሽ የገባው ቀለም ወደ ክሩ ዘልቆ በጀርባም ይታያል። ቀለም የዘለቀው ጨርቅ ሲታጠብና ሲወጠር የሚጸናው ነው።

ከዚያ ወደ ስፌቱ ሂዱ። በሆሞንጊ ላይ ቅርንጫፉ ከደረት ወደ እጅጌ ሲሻገር መስመሩ ይገጥማል? ቀለሙ በሁለቱም በኩል አንድ ነው? ሁለቱ ቁራጮች በተለያየ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ለየብቻ የተቀቡ ናቸው፤ ልዩነት ሳይታይ መግጠማቸው የሠዓሊውንና የሰፊውን ጥንቃቄ ባንድ ላይ ይመሰክራል። ርካሽ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ነው።

ዩዜን ሁለት ታላላቅ ቤቶች አሉት። የኪዮቶው ዩዜን ድግስ ወዳድ ነው፦ የወርቅ ቅጠልና ጥልፍ ይጨምራል፤ ቀለሙን ከመሃል ወደ ዳር እያሳሳ ይወስዳል፤ አበባውን ወደ ጌጥ ይለውጠዋል። የካናዛዋው የካጋ ዩዜን ቁጥብ ነው። በአምስት ዋና ዋና ቀለሞች፣ ማለትም በሰማያዊ፣ በደማቅ ቀይ፣ በአፈር ቢጫ፣ በሣር አረንጓዴና በድሮ ወይን ጠጅ ይሠራል። ቀለሙ ከዳር ወደ መሃል ይሳሳል፤ ወርቅና ጥልፍ አይበዛበትም። ቅጠሎቹ ላይ ትል የበላው ቀዳዳ ይሳልባቸዋል፤ ሠዓሊው ያየውን እውነተኛ ቅጠል ነው የሳለው። የካጋን ሥራ ወርቅ ጎደለው ብሎ ማናናቅ፣ የኪዮቶን ሥራ ደግሞ ተፈጥሮን አልመሰለም ብሎ መውቀስ ሁለቱንም አለማወቅ ነው። እያንዳንዱ በራሱ ዓላማ ይመዘን።

ይህ ጥበብ የቆመ አይደለም። በጃፓን መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ተብለው በዩዜን ከተሰየሙት መካከል ሞሪጉቺ ካኮ በ1967፣ ልጃቸው ሞሪጉቺ ኩኒሂኮ በ2007 ይገኙበታል። አባት ደቃቅ የሙጫ ፍርፋሪ በጨርቁ ላይ በትኖ እንደ ጤዛ የረቀቀ መደብ ማውጣትን አሳደጉ። ፓሪስ ውስጥ ግራፊክ ዲዛይን የተማሩት ልጅ ደግሞ በአራት ማዕዘኖችና በመስመሮች ብቻ ጨርቁን ያንቀሳቅሱታል። የኩኒሂኮን ኪሞኖ ተዘርግቶ ካያችሁ በኋላ ሰው ለብሶት አስቡት፤ መስመሮቹ አካልን ተከትለው እንዲዞሩ አስቀድሞ ታስቦባቸዋል።

ሥዕል የሌለበት ጥቁርም ይመዘናል። ጥሩ ጥቁር ብቻውን አይነከርም፤ ከበታቹ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም አስቀድሞ ይገባል። ባለ ቀይ መሠረቱ ሞቅ ያለ፣ ባለ ሰማያዊው ቀዝቀዝ ያለ ጥልቀት ይሰጣል። ሁለት ጥቁር ኪሞኖ ጎን ለጎን በመስኮት ብርሃን ሲሰቀሉ መሠረት የሌለው ወዲያው ግራጫ መስሎ ይታያል። አርማውንም እዩ፦ ጨርቁ ሲነከር ነጭ ሆኖ የተተወ፣ ጠርዙ የጠራ አርማ ከሁሉ ይከብራል፤ በጥልፍ የወጣው ደረጃው ዝቅ ይላል።

ቋጠሮና ነጥብ

ሺቦሪ ጨርቅን ቋጥሮ፣ ሰፍቶ ወይም ጠቅልሎ የመንከር ጥበብ ነው። ካኖኮ በሚባለው ዓይነት የጥፍር ጫፍ የምታህል ጨርቅ ብድግ ተደርጋ በክር ትጠመጠማለች፤ ክሩ ያለበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። መላ ልብሱ በካኖኮ የተሞላ ኪሞኖ ከ100,000 በላይ ቋጠሮ ሊኖረው ይችላል። በናጎያ አቅራቢያ ያለችው አሪማጹ በ1608 ከተመሠረተች ጀምሮ በሺቦሪ ትታወቃለች።

እውነተኛው ካኖኮ በጣት ይታወቃል። ጨርቁ ይንጨባረራል፤ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። እያንዳንዱ ነጭ ቀለበት መሃሉ ላይ ትንሽ ባለ ቀለም ነጥብ አለችው፤ የቋጠሮው ጫፍ ከክሩ ውጭ ስለነበር ነው። ቀለበቶቹ ይመሳሰላሉ እንጂ ፍጹም አንድ አይሆኑም። የታተመው አስመሳይ ለስላሳና ጠፍጣፋ ነው፤ ነጥቦቹም እኩል ናቸው። ጥሩውን ከመካከለኛው ለመለየት ደግሞ ረድፎቹን በአግድሞሽ ተከተሉ፦ የጥሩ እጅ ረድፍ ሳይዛነፍ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይደርሳል።

የዚህ ጥበብ ቤተሰብ ለሆነውና ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ጠፍቶ ለነበረው ጹጂጋሃና አንድ ሰው ዕድሜውን ሰጥቷል። ኩቦታ ኢቺኩ (1917–2003) በሃያ ዓመታቸው ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አይተው ልባቸው ተነካ። ከጦርነትና ከሳይቤሪያ ምርኮ ተመልሰው ለዓመታት ሞከሩ። በካዋጉቺ ሐይቅ ዳር በ1994 በተከፈተው ሙዚየማቸው ውስጥ የመልክዓ ምድሩ ሥዕል ከአንዱ ኪሞኖ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። እዚያ የሚመዘነው የአንድ ልብስ ስፌት ብቻ ሳይሆን የብዙ ልብሶች መጋጠም ነው።

በዝምታው የሚበልጥ ሥራ የሚሻ ደግሞ ኤዶ ኮሞንን ይይ። ከሩቅ ባለ አንድ ቀለም ይመስላል፤ ሲቀርቡት መላ ጨርቁ በአሸዋ ፍሬ በሚያህሉ ነጥቦች ተሞልቶ ይገኛል። መነሻው የሳሙራይ ጦረኞች የሥርዓት ልብስ ነው፤ የኪሹ መሳፍንት የሆነው የቶኩጋዋ ቤት የሻርክ ቆዳ የሚመስለውን ነጥብ የራሱ አድርጎት ነበር። ነጥቦቹ የሚወጡት በሚኤ ግዛት በሱዙካ ከተማ በሚሠራ የወረቀት ንድፍ ነው። ወረቀቱ በካኪ ፍሬ ጭማቂ ተጣብቆ ይጠነክራል፤ ባለሙያው በደቃቅ መሣሪያ እየወጋ ይቀድደዋል። ወረቀቱ አጭር፣ ጨርቁ ረጅም ስለሆነ ቀቢው ወረቀቱን ደጋግሞ እያነሳ ካለፈው ጋር ማጋጠም አለበት። ስለዚህ የምትፈልጉት መጋጠሚያውን ነው፦ ነጥቦቹ የተደራረቡበት ጥቁር መስመር ወይም የተራራቁበት ነጭ መስመር ካገኛችሁ እጁ ገና ነው። ሙሉ ጥቅሉን አይታችሁ መጋጠሚያ ካጣችሁ የታላቅ ባለሙያ ሥራ ይዛችኋል።

የተሸመነውን ስንመዝን

በሽመናው ዓለም ዓይን ከጣት ጋር አብሮ ይሠራል። የዩኪ ጹሙጊ ከቶኪዮ በስተሰሜን በኢባራኪና በቶቺጊ ግዛቶች ይሸመናል፤ በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የሐር ትሉ ጎጆ እንደ ጥጥ ተዘርግቶ፣ ፈታይዋ በምራቋ እያረጠበች፣ ሳታከርረው በጣቶቿ ትስበዋለች። ያልከረረ ክር አየር ይይዛል፤ ይሞቃል፣ ይቀላል። ሸማኔዋ ወለል ላይ ተቀምጣ ድሩን በወገቧ ትወጥራለች፤ ጨርቁ የሚጠብቀውና የሚላላው በገዛ አካሏ ነው። አዲሱ ዩኪ በስንዴ ሙጫ ስለሚጠነክር ይከረክራል፤ ሲለበስና ሲታጠብ ይለሰልሳል። ሱቅ ውስጥ ለስላሳነቱን ብቻ የሚፈትሽ ገዢ ይሳሳታል። ይህ ጨርቅ ከተፈታና ከታጠበ በኋላ የሚያምር ነው፤ የመጀመሪያው ሚዛናችን ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

ከደቡብ፣ ከአማሚ ኦሺማ ደሴት የሚመጣው የኦሺማ ጹሙጊ ሌላ ጠባይ አለው፦ ለስላሳ፣ ቀላል፣ ሲራመዱበት የሚንኮሻኮሽ። ክሩ በደሴቷ ላይ ከሚበቅል ዛፍ እንጨት በተፈላ ቀይ ቡናማ ውኃ ደጋግሞ ይነከራል፤ ከዚያ ብረት በበዛበት ጭቃ ውስጥ ይታሻል። የእንጨቱ ጭማቂና የጭቃው ብረት ሲገናኙ ጥልቅ፣ ቡናማ ያረፈበት ጥቁር ይወጣል።

ሁለቱንም የሚያገናኛቸው ካሱሪ ነው። ክሩ ከመሸመኑ በፊት በየቦታው ታስሮ ይነከራል፤ የታሰረው ነጭ ይቀራል። ነጩ ድር ነጩን ማግ በትክክል ሲያገኝ ትንሽ መስቀል ወይም የኤሊ ቅርፊት ቅርጽ ይወጣል፤ ብዙ ሺህ መስቀሎች ተሰብስበው ሥዕል ይሆናሉ። ሸማኔው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሸመነ በኋላ ድሩን አላልቶ በመርፌ ጫፍ ክሮቹን አንድ በአንድ ያስተካክላል። መስቀሉን በማጉያ መነጽር እዩት፦ አራቱ ክንፎች መሃል ላይ ይገናኛሉ? የጠርዙ መጠነኛ ብዥታ የእጅ ምልክት ስለሆነ ነቀፋ አይደለም፤ የመስቀሉ መዛነፍ ግን ነቀፋ ነው። በዩኪ የሥራው ረቂቅነት የሚነገረው በጨርቁ ስፋት ስንት የኤሊ ቅርፊት እንደተደረደረ ነው፦ 80፣ 100፣ 120፣ 160፣ ከዚያም 200። ቁጥሩ ሲጨምር ድካሙ ይጨምራል። ቁጥር ግን ብቻውን አይፍረድ፤ ጥርት ብሎ የተሠራ 80 ከተዛነፈ 160 ይበልጣል።

በቀለም የሚመዘን ሽመናም አለ። በ1990 በጹሙጊ ሽመና ሕያው ብሔራዊ ቅርስ የተባሉት ሺሙራ ፉኩሚ ከዕፀዋት ያወጡትን ቀለም በመስመርና በሰፋፊ መደብ ብቻ አሳይተዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሥዕል አትፈልጉ፤ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቦታ ፈልጉ፣ መሻገሩ የት እንደጀመረ ካልታወቃችሁ ተሳክቷል።

ወቅትና ኦቢ

ወቅት የጥራት አካል ነው። በልማዱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገበር ያለው ይለበሳል፤ በሰኔና በመስከረም ገበር የሌለው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ስስ ሐር ወይም ራሚ ከሚባል ተክል የተሠራ ጨርቅ። የዚህ የመጨረሻው ቁንጮ ከኒጋታ ግዛት የሚመጣው የኤቺጎ ጆፉ ነው፤ በ2009 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የራሚ ክር ሲደርቅ ስለሚበጠስ የበረዶው ወራት እርጥበት ለሽመናው ያስፈልጋል። የተሸመነውም በበረዶ ሜዳ ላይ ከ10 እስከ 20 ቀን ተዘርግቶ በፀሐይ ይነጣል። በጣት ሲዳስሱት ቀዝቃዛ፣ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ክሩ እኩል የሆነው ጥሩ ነው።

ዩካታም ቢሆን ደረጃ አለው። በጥንታዊው መንገድ ጨርቁ ደራርቦ ይታጠፋል፤ ቀለሙ ከላይ ፈስሶ ከታች ይሳባል፤ ስለዚህ ፊትና ጀርባው አንድ ይሆናል፣ ቀለሞቹም ሲገናኙ በቀስታ ይዋሃዳሉ። ጀርባው የገረጣ ዩካታ የታተመ ነው።

ኦቢ ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል፤ ዋናውን ብቻ ልጥቀስ። ለክብር ልብስ የሚሆነው ሰፊውና ከ4 ሜትር የሚበልጠው ፉኩሮ ኦቢ ነው፤ ለመካከለኛው አጠር ያለው የናጎያ ኦቢ፤ ለዩካታ የስፋቱ ግማሽ የሆነው ሃንሃባ። ትልቁ የኦቢ ሰፈር የኪዮቶው ኒሺጂን ነው፤ ስሙን ያገኘው ከ1467 እስከ 1477 በተካሄደው የኦኒን ጦርነት የምዕራቡ ጦር ከሰፈረበት ቦታ ነው። ከዚያ ከሚወጡት ሁሉ ረቂቁ ጹዙሬ ነው፤ ሸማኔው ጥፍሩን እንደ መጋዝ አስልቶ ማጉን በጥፍሩ ያስጠጋል። የሃካታው ኦቢ ደግሞ በደቃቅ ድርና በወፍራም ማግ ይጠብቃል፤ ሲታሰር ይጮኻል፣ ከታሰረ በኋላ አይላላም። ሳሙራዮች የወደዱት የሰይፍን ክብደት ስለሚችል ነው። የኦቢ ፈተና አጭር ነው፦ እሰሩት፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ። ቦታውን ከለቀቀ ወርቁ አያድነውም።

ስፌቱ

የስፌቱ ምርመራ ለመጨረሻ የሚቀመጠው ሚዛናችን የሚፈረድበት እዚህ ስለሆነ ነው። ጥሩ ኪሞኖ በእጅ፣ በቀላል ወደፊት ስፌት ይሰፋል። ክሩ ሆን ተብሎ ከጨርቁ እንዲደክም ይደረጋል፤ ለባሽ ስትሰናከል ስፌቱ ይተረተራል እንጂ ሐሩ አይቀደድም። የማሽን ስፌት ይጠብቃል፤ ሲፈታም የቀዳዳ ሰልፍ ይተዋል። መጋጠሚያውን ከፊት ስታዩ የክሩ እርምጃ መታየት የለበትም፤ ሰፊዋ ጨርቁን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል በስፌቱ ላይ አጥፋ ትሸፍነዋለች። ያ እጥፋት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው? የታችኛው ጫፍ ገበር በቀጭን መስመር ብቅ ይላል፤ ውፍረቱ ዙሪያውን አንድ ነው? የገበሩ ቀለም ከውጩ ጋር ይነጋገራል?

ያገለገለ ኪሞኖ የምትገዙ ከሆነ ምርመራው ይጠብቃል። ጨርቁን በሁለት እጅ ያዙና በቀስታ ሳቡት፤ ከሰለለ ይተዋል። እንደ ሜይሰን ያሉ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተስፋፉ ደማቅና ርካሽ ሐሮች በመልካቸው ይማርካሉ፤ ብዙዎቹ ግን ክራቸው ደክሟል። አንገትጌውንና የእጅጌውን አፍ ለእድፍ፣ የታጠፈባቸውን መስመሮች ለመንጣት ፈትሹ። ወደ ውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ ዳስሱ፤ ለሰፊ ለባሽ የሚለቀቅ ስንት ቀርቷል? የድሮ ጥቅሎች ጠበብ ያሉ ስለነበሩ ትርፉ ትንሽ ከሆነ ልብሱ ለረጅም ክንድ አይደርስም። ከልብሱ ጋር የተቀመጠ የጥቅሉ ቁራጭና የሸማኔዎች ማኅበር ማኅተም ካለ አትጣሉት፤ የትውልዱ ምስክር ነው።

ሁሉንም ካያችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ይህን ልብስ ነገ ብፈታው ምን ይቀረኛል? የዘለቀ ቀለም፣ ያልተቆራረጠ ረጅም ጨርቅ፣ ያልተቀደደ ጠርዝ፣ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ትርፍ ከቀረላችሁ፣ ማዕረጉ ዩካታም ይሁን ፉሪሶዴ፣ መልካም ሥራ ነው። ከተፈታ በኋላ ጨርቅ ተብሎ የማይጠራ ነገር ከቀረ ደግሞ፣ ስሙም ዋጋውም ቢገዝፍ፣ ተዉት። ሠሪው ከመጀመሪያው ለባሽ ባሻገር ያለውን ሰው አስቦ እንደሆነና እንዳልሆነ ጨርቁ ራሱ ይነግራችኋል፤ የኪሞኖ ባለሙያ መሆን ማለት ይህን ማድመጥ መልመድ ነው።